ዘይት ያልነካው ፍሪሲዮን

እናቴ ለዑምራ መካ የገባችው በረጀብ ወር አንድ ሰኞ ቀን ነው። ከቡድናቸው ጋር እስከ ሐሙስ መካ ይቆዩና ሐሙስ ከዙሁር ሰላት በኋላ አውቶቡሳቸው ወደ መዲና ይነሳል፤ ከመዲና ደግሞ በቀጥታ ወደ አገር ቤት ይበራሉ። እኔ ጅዳ፣ ካራንቲና ሰፈር ነበርኩ። ከዚያ መካ በመኪና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያላየኋት እናቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ መጥታ ቁጭ ብላለች፤ እኔ ግን ኢቃማ የለኝም።

ኢቃማ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ እዚህ አገር ያለ እሱ ሰው ሰው አይባልም። በመካ መንገድ ላይ ኬላ አለ። በዚያ ሰሞን ደግሞ አፈሳ ስለነበር የታክሲ ነጂዎቹ ራሳቸው ኢቃማ ሳያዩ በር አይከፍቱም። እኔ አንድ ጊዜ ተይዤ፣ ተጠርዤ፣ በባሕር ተመልሼ የገባሁ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ብያዝ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ስለዚህ በአሮጌው የበረሃ መንገድ፣ በሞተር ሳይክሌ ልሄድ ቆረጥኩ። ሞተሯ ግን ፍሪሲዮኗ አልቆ ነበር።

ሞተሯን ያገኘሁት መካ ካሉ አንድ ሐጂ ነው። ሐጂ የተወለዱት እዚያው መካ ነው፤ አያታቸው ከወሎ ለሐጅ በእግራቸው መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው። ጀርወል የሚባል የመካ ሰፈር ውስጥ የመስገጃ ምንጣፍ ይሸጣሉ። ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ እንዲህ ሳይጠብቅ፣ ቤታቸውን ቀለም ስቀባ ደረጃ ሥር አቧራ የጠጣች አሮጌ ሞተር አየሁና ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። "ያ ወለዲ፣ ይቺን ደባብ ካስነሳሃት ውሰዳት፣ ሐላልህ ናት" አሉኝ። እዚያ አገር ሞተር ሳይክልን ደባብ ነው የሚሏት። በሦስተኛው ቀን አስነሳኋት።

ለእናቴ የነገርኳት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ ጎረቤታችን ውራጅ ብረት ይቀጠቅጥ ነበርና "ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?" አለችኝ። "ጋራዥ ነው" አልኳት። "የማን ጋራዥ?" አለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ "የኔ ነዋ!" አልኩ። እልልታዋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲያ ውሸቱን መቀለብ ግዴታ ሆነብኝ። ሠራተኛ ቀጠርኩ፣ ጋራዡን አሰፋሁ፣ ኢቃማዬን አደስኩ፤ ሁሉንም በአፌ። ከሁሉም ውስጥ እውነት የነበረችው ሞተሯ ብቻ ናት። እላይዋ ላይ ተቀምጬ የተነሳሁትን ፎቶ ብልክላት አሳጥባ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ለዑምራ ስትነሳም "ከኋላህ አፈናጥጠህ አንድ ዙር ሳታዞረኝ አልመለስም" ብላ ሳቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ሐጂ ደወሉ። እናቴን እንዲጠይቁልኝ ለምኛቸው ስለነበር ሆቴሏ ድረስ ሄደው አግኝተዋታል። "አንተ ምን ትንከራተታለህ?" አሉኝ። "እናትህን በሰያራዬ ጅዳ ላምጣልህ። የአንድ ሳዓ መሽዋር፣ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ከመግሪብ በፊት እመልሳታለሁ።"

"አይ ሐጂ፣ እርስዎ አይድከሙ። ሐሙስ ጠዋት ራሴ እመጣለሁ።"

"በምን?"

"በሞተሬ።"

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ ነበር አያቴ" አሉ።

ሳቅኩ። እውነቱን ልናገር፤ ያፈርኩት በክፍሌ ነው። ስድስት ሰው በአንድ ጉርፋ፣ ቀን ቀን ፍራሹን ግድግዳ ላይ አስደግፈን መቀመጫ የምናገኝበት፣ ለሽንት ቤት ከአራት ክፍል ሰው ጋር የምንሰለፍበት ቤት ነው። እዚያ አስገብቻት "ጋራዥህስ የታለ?" ብትለኝ የቱን ላሳያት ነው? የሰው ልጅ እኮ እናቱን ለማየት ሲል ውርደቱን መዋጥ ነበረበት። እኔ ግን መዋጥ አልቻልኩም፤ ያ ቀን ሲታወሰኝ ዛሬም ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ስልኩን ዘግቼ በቀጥታ ሰቢል ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። እዚያ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ የመናዊ ሽማግሌ አለ። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኝ፣ እንደ ሳንቲም የተደራረበ ክብ ሳህን ነው፤ አንዱ ልሙጥ ብረት፣ አንዱ ሸካራ። ሸካራው ሲበላ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይሰማም። ካራንቲና ሜዳ ስለሆነ የምተዳደርበትን የጋዝ ሲሊንደር ለማመላለስ ችግር አልነበረውም። የመካ መንገድ ግን ዳገት አለው። ሽማግሌው አዳዲሶቹን ሳህኖችና ሞላዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝና በዐረብኛ "ከመግጠምህ በፊት ዘይት ውስጥ ንከራቸው፣ ዘይቱን ጠጥተው ይጥገቡ" አለኝ።

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሜካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። አለቃዬ "ፍሪሲዮንና ዘይት እሳትና ጭድ ናቸው" ይል ነበር። አንድ ቀን ዘይት በነካው እጄ ሳህኑን ይዤ በጥፊ አጩሎኛል። ታዲያ ይሄ ሰውዬ በዘይት ንከር ይለኛል! ፍሪሲዮን ይሸጣል እንጂ ፍሪሲዮን አያውቅም አልኩ በሆዴ። "አጎቴ፣ እኔ ሐበሻ ሜካኒክ ነኝ" አልኩት ደረቴን ነፍቼ። እጁን አነሳና "ኸላስ፣ አንተ ታውቃለህ" አለ።

ረቡዕ ጓደኞቼ የቀን ሥራ ፍለጋ ሲወጡ ሞተሯን ወደ ውስጥ አስገባኋት። ፍራሾቹን ገፍቼ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ዘይቱን በሳፋ አወረድኩ፣ የማስነሻ መርገጫውን ነቅዬ የቀኙን ክዳን ቡሎን በቡሎን ፈታሁ። ክዳኑ ሲከፈት ያየሁትን አልረሳውም። ፍሪሲዮኑ በሙሉ በዘይት ርሷል። "አገኘሁህ!" ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። በሽታው እሱ ነው ብዬ አመንኩ፤ አንድ ቦታ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት ተበልቶ ከሞተሩ ዘይት እየሾለከ ፍሪሲዮኑን ገድሎታል።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ በደስታ ነው የሠራሁት፤ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። የፍሪሲዮኑን ቤት በቤንዚን አጠብኩት። ብረቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ። አዲሶቹንም ሸካራ ሳህኖች ቅባት ነክቷቸው ይሆናል ብዬ በቤንዚን አጠብኩና ጣራ ላይ ወጥቼ ከሰው ልብስ አጠገብ በሽቦ አንጠለጠልኳቸው። የጅዳ ፀሐይ አጥንታቸው ድረስ አደረቀቻቸው። አንድ ብረት፣ አንድ ሸካራ እያልኩ ደረደርኳቸው፣ ሞላዎቹን መለስኩ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ። በመጨረሻ ዘይቱን ስሞላ እንዳይደርስባቸው ብዬ ግማሹን ብቻ ጨመርኩ። የተረፈውን ግማሽ በጠርሙስ አድርጌ ኮርቻው ኋላ አሰርኩት።

ጠባቧ መንገድ ላይ ስሞክራት ፍሪሲዮኑን ገና ለቀቅ ሳደርግ ፈንጠር ብላ ግድግዳ ልታስመኝ ነበር። ደረቅ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚነጥቀው፤ እኔ ግን ጉልበት መሰለኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ለእናቴ ደወልኩ።

"ስሚ እማዬ፣ ይሄ የሞተሬ ድምፅ ነው" ብዬ ነዳጅ ሰጠኋት።

"ማሻአላህ! አላህ ከዓይን ይጠብቅልህ የኔ ልጅ። ታዲያ ነገ መምጣትህ ነው?"

"ነገ ከምሳ በፊት። በሞተሬ።"

"ያረቢ! እንግዲያ ዛሬ እንቅልፍም የለኝ" አለች።

ሐሙስ ሱብሒ ሰግጄ፣ ፀሐይ ስትወጣ ጉዞ ጀመርኩ። ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ነጭ ሸሚዝ እንዳይቆሽሽ ከላይ አሮጌ ጃኬት ደርቤያለሁ። ሜዳው እስኪያልቅ ድረስ በሰላም ሄድኩ። ከከተማ ስወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ እየዘፈንኩ ነበር። መንገዱ ወደ ኮረብታዎቹ መውጣት ሲጀምር አንድ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል። ከሌላ ቦታ ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሯ መጮህ ጀመረች፣ የጎማው ፍጥነት ቀነሰ፣ በመጨረሻ እየጮኸች ባለችበት ቆመች።

ግራ ቀኙ ድንጋይና እሾህ ነው። ጥላ የሚባል የለም። በቀኝ ጎኗ ያለውን ክዳን ብነካው እጄን ላጠኝ። እስኪበርድ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ በዱዊ፣ የበረሃ ዘላን፣ ፍየል የጫነ ፒክአፕ ይዞ መጣና ቆመ። መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ። መካ አልኩት። ኢቃማ አልጠየቀኝም፣ ከየት ነህም አላለኝም። "ውጣ፣ እኔም ወደዚያው ነኝ። ደባቡ ግን ይቅር፣ ለእሱ ቦታ የለኝም" አለኝ።

ጠዋቱ ገና ነበር። ያኔ ብወጣ እናቴ ዘንድ ለቁርስ እደርስ ነበር። እግሬን አንስቼም ነበር። ግን ሞተሯን ዞሬ አየኋት። ያለ እሷ ብሄድ "ሞተርህስ?" ትለኛለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የማሳያት አንድ ነገር ይቺው ናት። "ግማሽ ሰዓት ብትፈጅብኝ ነው፣ ሜካኒክ ነኝ" አልኩት። ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አየኝና "አላህ የህዲክ"፣ አላህ ልቦና ይስጥህ፣ ብሎኝ ሄደ። ፍየሎቹ ከኋላ ሆነው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ራቁ።

ሞተሯን በግራ ጎኗ አስተኝቼ ክዳኑን ከፈትኩ። አዲሶቹ ሳህኖች ጠቁረው እንደ መስታወት ያብረቀርቃሉ። ብረቶቹ ሰማያዊ ሆነዋል። የጎማ ቀለበቱ የተበላበትንና ዘይት የሾለከበትን ቦታ ፈለግኩ፤ ከላይ ፈለግኩ፣ ከታች ፈለግኩ። የለም። መጀመሪያውኑ እዚያ የሚከለክል ጎማ አልተሠራም። የዚህ ሞተር ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ እየዋኘ እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። ዘይቱ በሽታው ሳይሆን ምግቡ ነበር። የመናዊው እውነቱን ነው። እኔ የጭነት መኪናን እውቀት ይዤ አዲሱን ፍሪሲዮን በገዛ እጄ አስርቤ ገደልኩት።

ስልኬ ጮኸ።

"የት ደረስክ የኔ ልጅ?"

"ቀርቤያለሁ እማዬ።"

"አብሽር፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ሐጂ ሱቅ በር ላይ ወንበር አውጥተውልኝ መንገዱን እያየሁ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። መንገዱ መሐል ወጥቼ ሁለት መኪና ለማስቆም ሞከርኩ፣ አላዩኝም። በእግሬ ልሩጥ አልኩ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሳስበው ተውኩት። ተንበርክኬ አለቀስኩ፤ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን ድምፅ አውጥቼ እንደ ሕፃን። አለቃዬን ሰደብኩ፣ ያልበደለችኝን ሞተር በእግሬ መታሁ። በኋላ ኮርቻው ላይ ያሰርኩት የዘይት ጠርሙስ ታየኝ።

የያዝኩትን የውሃ ጀሪካን በቢላ ለሁለት ቆረጥኩት፤ ውሃውን ግማሹን ጠጣሁ፣ ግማሹ ፈሰሰ። ሳህኖቹን አንድ በአንድ ሸካራ ድንጋይ ላይ እየፈተግኩ መስታወቱን አነሳሁ። ጀሪካኑ ውስጥ ደርድሬ ዘይቱን አፈሰስኩባቸው። ጠጥተው ይጥገቡ ብሎኛል ሰውዬው። እኔ ደግሞ ጊዜ የለኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ "ጠጡ፣ ጠጡ፣ በአላህ ጠጡ" እላቸው ነበር፤ ያየኝ ሰው ቢኖር አብዷል ይለኝ ነበር። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። አንዱን አነሳሁት።

"ምሳ ቀርቧል። አንተ ሳትመጣ ከአፌ አይገባም" አለችኝ።

"ብይ እማዬ። እየመጣሁ ነው።"

"ሞተሯ ደህና ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ።

ገጥሜ፣ የቀረውን ዘይት መልሼ፣ ረግጬ ሳስነሳት ፍሪሲዮኑ እንደ ቅቤ ለስልሶ ያዘ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፍሪሲዮን ገጥሜ አላውቅም። ዳገቱን እየሳቀች ወጣችው። እንዲህ ማድረግ እንደምትችል ሳይ ንዴቴ ባሰብኝ። ጀርወል ስደርስ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት አዛን እያለ ነበር።

ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ባዶ ወንበር አለ። ሞተሯን ሳላቆም ከሩቅ ፊታቸውን አይቼ ገባኝ።

"ሱዋቁን ኑስ ሳዓ አስቆምኩት" አሉኝ፣ የአውቶቡሱን ሹፌር ማለታቸው ነው። "ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለመንኩት። በኋላ ሌሎቹ ሑጃጆች ጮኹበት፣ ያላ አለ፣ ኸላስ።"

ከሞተሯ ወረድኩ።

"ስታረፍድ ጊዜ ኢቃማ እንደሌለህ ነገርኳት። ልጅሽ ጠልቶሽ አይደለም ልበላት ብዬ ነው፣ ሳሚሕኒ፣ ይቅር በለኝ" አሉ። "እሷ ከቤቷ ያመጣችውን ፎቶህን በእጇ ይዛ ነበር። እዚህ ሰፈር ደባብ መቼም አይጠፋም። አንድ ባለፈ ቁጥር ተነስታ ሰውየውን ከፎቶው ጋር ታስተያያለች። 'ይሄ ነው?' ትለኛለች። 'ተለውጦ ይሆናል እኮ' ትላለች። ከአውቶቡሱ መስኮትም እንደዚያው እያየች ነው የሄደችው።"

በጨርቅ የቋጠረችልኝን በሶ ሰጡኝ። እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ነጭ ሸሚዝ ለማየት ጃኬቴን ከፈት ባደርገው በላብና በዘይት ጠቁሯል።

አገር ቤት ከገባች በኋላ ደወለችልኝ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት አቋረጠችኝ።

"አብሽር። እኔ ነኝ በዚያ ሁሉ አደጋ መሐል ና ያልኩህ። አሁን የምነግርህን ስማኝ" አለች። "ሰው ሁሉ ልጅሽን አየሽው ወይ ይለኛል። ምን ልበል? አየሁት አልኩ። ወፍሯል፣ ጋራዡም ሰፊ ነው አልኩ። ከኋላው አፈናጥጦ አዞረኝ አልኩ። እንግዲህ ማንም ቢጠይቅህ አታሳፍረኝ።"

"እሺ እማዬ" አልኳት።

ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሳንም። ባለፈው ዓመት ሞተች። እኔ አሁንም ካራንቲና ነኝ፤ መርዶውን የሰማሁት ያንኑ ፍራሽ ግድግዳ ላይ አስደግፈን በተቀመጥንበት ነው። የሰፈራችን ሰዎች ከአገር ቤት እየተቀባበሉ ደወሉልኝ፤ ሁሉም የሚያጽናናኝ በአንድ ነገር ነው። "እንኳን ሳታይህ አልሞተች፣ ታድለሃል" ይሉኛል። አልሐምዱሊላህ እላለሁ። በመጨረሻ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ የሆኑት ጎረቤታችን ስልኩን ተቀበሉ።

"ስንቴ ነግራኛለች መሰለህ፣ እኔን!" አሉ እያለቀሱ። "በሞተርህ ስታከንፋት ነፋሱ ሻርፗን ወስዶባት፣ አንተ ወርደህ እያባረርክ ስትይዝላት፣ እሷ በሳቅ ልትሞት። እውነት እንዲያ ሳቀች?"

"አዎ" አልኳቸው። "በጣም ነው የሳቀችው።"